ከመወልወያ እስከ ምንጣሮ

የቆሰበር ስም ሲነሳ ኮሶ ትዝ ይለናል፤ የኮሶ በር ነዋ! ኮሶ ደግሞ የጽዳት ዛፍ ነው። ጥሬ ሥጋ ወዳዶቹ አባቶቻችን የደረቀውን አበባ ወቅጠው፣ በባዶ ሆዳቸው ጠጥተው ትላቸውን ያስወጡበት ነበር። በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ድረስ የመጣው ጄምስ ብሩስም በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚሁ ዛፍ ጽፏል። መጠኑን ያሳቱት እንደሆነ ግን ኮሶው ትሉን ብቻ ሳይሆን ጠጪውንም ይዞ ይሄዳል።

ነገራችንም ወዲህ ነው። የማጽዳት ቃል ከቤትና ከሆድ ወጥቶ ወደ ሰው ሲዞር ምን ይሆናል?

እንግሊዞች «ሞፕ» የሚሉት የወለል መወልወያውን ነው። በየዶርማችን ኮሪደር ቆሞ የምናየው፣ ክፉ የማያውቅ ዕቃ! በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን ምሽግ ከተያዘ በኋላ ከኋላ እየተከተሉ የተረፈውን የጠላት ወታደር የሚገድሉትንና የሚማርኩትን «ወልዋዮች» አሏቸው። ሰው እንደ ፈሰሰ ውሃ ተቆጠረ ማለት ነው።

በፈረንጅ ብቻ አንፍረድ። የእኛ ገበሬ ቁጥቋጦውን ነቅሎ መሬቱን ለእርሻ ሲያዘጋጅ «መነጠረ» ይባላል። የላብ ቃል ነው፤ ነውር የለበትም። በቀይ ሽብር ዘመን ግን «አሰሳና ምንጣሮ» ተባለ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት ታሰሰች። የተመነጠረው ግራር አልነበረም፤ ኢሕአፓ ነው የተባለ ተማሪ፣ መምህር፣ ሠራተኛ ነበር፤ ብዙው በእኛ ዕድሜ ያለ። «ገደልን» ያለ ሰው፣ ማንን? ለምን? ተብሎ ይጠየቃል። «መነጠርን» ያለ ግን ማሳ እንዳጸዳ ሰው እጁን ታጥቦ እራቱን ይበላል።

የቃሉ መጋረጃ እስኪገለጥ ብዙ ዓመት ፈጀ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ሲል፣ ምንጣሮ የተባለው ነገር በወንጀል ስሙ ተጠራ። የሞተው ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ ወገኖች፣ ነገ ደግሞ «ኑ፣ እናጽዳ!» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። መጥረጊያውን ከመቀበላችን በፊት «ቆሻሻው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቀው። መልሱ የሰው ስም ከሆነ፣ መጥረጊያውን እዚያው እንተውለት።