የየካ ተራራ ሴቶች ሸክም

አዲስ አበባ በ1879 ዓመተ ምሕረት ከተቈረቈረች በኋላ፥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቈረጠ አለቀ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ በተተከለ ጊዜ ግን፥ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ይዛወር የተባለው አሳብ ቀረ።

ነገር ግን ዛፉ ከተማይቱን ቢያቆም፥ የሴቶቹን ጀርባ አጐበጠ። ከእንጦጦና ከየካ ተራራ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፥ በገመድ አስረው፥ በጀርባቸው ተሸክመው ለብዙ ዘመን ወደ ገበያ ይወርዱ የነበሩት ድኆች ሴቶች ናቸውና፤ ከእነርሱም መካከል ያረጁ ነበሩ።

ጕልበትን የሚያጸናው ግን ልክ ያለው ድካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓመተ ምሕረት ባወጣው መመሪያ፥ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፥ ቢያንስ በ3 ቀንም ሰውነትን ከመውደቅ የሚጠብቅና ኀይል የሚሰጥ ልምምድ እንዲያደርጉ መክሯል። ጥቅሙም አሮጊት ያለ ረዳት ከመቀመጫዋ ተነሥታ የቤቷን ሥራ ትሠራ ዘንድ ነው።

እንግዲህ የየካይቱ እናት ጕልበት በሸክም ብዛት ይዝላል፤ በቦሌ ባለው ፎቅ ቤት ልጆቿ «አትነሺ» የሚሏት እናት ጕልበትም በመቀመጥ ብዛት ይላላል። ስለዚህ እናትን ማክበር፥ ለአንዲቱ ሸክሟን ማቅለል፥ ለሁለተኛዪቱም በትሯን ማቀበል ነው።