ከሞት በኋላ የተሰማ ኮቴ

«ገደሉኝ! ኮቴውን ሳልሰማ ገደሉኝ!»

ታናሽ ወንድሜ ነው። አትደንግጡ፣ የሞተው ፐብጂ ላይ ነው። ሲቀላ ካለ አንድ ሱቅ በገዛው አዲስ ገመድ አልባ ማዳመጫ (እኛ ሰፈር ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን ሁሉም «ኤርፖድ» ነው የሚባለው) አልጋው ላይ ተጋድሞ ሲጫወት ጠላት ከኋላው መጥቶ ጨረሰው። የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? ኮቴው ተሰምቶታል። የተሰማው ግን ከሞተ በኋላ ነው።

ሣጥኑን አገላብጬ አየሁት። «ለጌም የተሠራ» ይላል። «ለዕለት ተዕለት አገልግሎት» ይላል። ስለ ባትሪው ተጽፏል፣ ስለ ባሱ ተጽፏል። ድምፁ ከሥዕሉ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀር ግን አንድም ቃል የለም። እስቲ ይህን ነገር ላጣራ ብዬ ጀመርኩና ጉዳዩ እየጎተተ ያላሰብኩት ቦታ አደረሰኝ። ዶርዜ!

ከአርባ ምንጭ ተነስታችሁ ጠመዝማዛውን ዳገት ወደ ጨንቻ ስትወጡ ዶርዜን ታገኛላችሁ። አብዛኛው ሰው ዶርዜን የሚያውቀው በሽመናው ነው፤ ከሽመናው ቢያልፍ በረጃጅሞቹ የቀርከሃ ቤቶች። የሙዚቃ ተመራማሪዎች ግን ዶርዜን የሚያውቁት በዘፈኑ ነው። በርናር ሎርታ ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚህ ድረስ መጥቶ ይህን ዘፈን ቀርፆ በሸክላ አሳትሞታል።

ምኑ ገርሞት ነው እዚህ ድረስ የመጣው? በብዙው የሀገራችን ክፍል አንዱ ያወጣል፣ ተቀባዩ በሙሉ ያንኑ አንድ ዜማ ይቀበላል። ዶርዜዎች እንደዚያ አይደሉም። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው በቀጭን ድምፅ ከላይ ይገባል፣ ሌሎቹ ከታች የየራሳቸውን ይዘው ይቀጥላሉ። ድምፁ እንደ ድርና ማግ ነው፤ አንዱ የተወውን ክፍተት ሌላው ይሞላዋል። መሪ ዱላ የሚያወዛውዝ ሰው የለም፤ በወረቀት የተጻፈ ኖታ የለም። ያለው ጆሮ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ዘፋኝ የጎረቤቱን ድምፅ በሰዓቱ ካልሰማ የራሱን መግቢያ ያጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሦስት ሜትር ርቆ የቆመ ዘፋኝ ድምፁ 9 ሚሊሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ጆሯችሁ ይገባል፤ መዘግየቱን ማንም ልብ አይለውም። ያንኑ ሰው ወስዳችሁ 70 ሜትር ርቃችሁ ብታቆሙት ግን ድምፁ 200 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። በዚህ ርቀት የዶርዜ ዘፈን ይፈርሳል። አሁን ደግሞ የሚገርመውን ስሙ። ተራ የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ያዘገየዋል። ጆሯችሁ ውስጥ ተሰክቶ እያለ 70 ሜትር ርቆ የቆመ ያህል ነው ማለት ነው! ወንድሜን የገደለው ይኸው ነው።

ለመሆኑ እዚህ እንዴት ደረስን?

አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ተቆርቁራ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማነቱን ከጨንቻ ስትረከብ፣ መስማት የጋራ ነገር ነበር። በዚያው ዘመን፣ በ1955 ዓ.ም.፣ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ሥርጭቱን ጀመረ። ሬዲዮ ያለው ቤት የጎረቤት ሁሉ ቤት ነበር። «ዝም በሉ፣ ዜና ነው!» የሚል አባወራ፣ በር ላይ ቆሞ የሚሰማ የሰፈር ልጅ... አንድ ድምፅ፣ ብዙ ጆሮ።

የጆሮ ማዳመጫ ራሱ ግን ከዚያ በፊት ተፈጥሯል። ናትናኤል ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ ዩታ ውስጥ ከማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1910 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል አቀረበው። ያኔ የሬዲዮ ኦፕሬተር ዕቃ ነበር፣ የሥራ መሣሪያ። ለመዝናኛ መንገድ ላይ ያወጣው ሶኒ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ዎክማንን ይዞ መጣ። ስለዚያች የመጀመሪያዋ ዎክማን አንድ የምወደው ነገር አለ፦ የማዳመጫ መሰኪያዋ ሁለት ነበር። የሶኒው አኪዮ ሞሪታ ሰው ብቻውን ሙዚቃ ቢሰማ ነውር ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነበርና ለሁለት ሰው አሠራት። ሁለቱ ሰዎች ማዳመጫቸውን ሳያወልቁ እንዲነጋገሩ የምታደርግ ብርቱካናማ ቁልፍም ነበረቻት። ገዢው ግን ብቻውን መስማትን መረጠ፤ በኋላ በመጡት ዎክማኖች ላይ ያቺ ቁልፍ ቀረች።

እኛ ደግሞ መጋራቱን በራሳችን መንገድ ቀጠልንበት። አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለአንቺ! የክፍል ጓደኛችሁ ጋር አንድ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍላችሁ፣ ገመዱ እንዳይነቀል ጭንቅላት ለጭንቅላት ተደጋግፋችሁ የሰማችሁትን ዘፈን እስቲ አስታውሱ።

ከዚያ ገመዱ ተቆረጠ። ብሉቱዝ እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊድኑ ኤሪክሰን የተጀመረ ሥራ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከአሥረኛው መቶ ዘመን የዴንማርክ ንጉሥ ከሃራልድ ብሉቱዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አፕል ከአይፎን 7 ላይ የማዳመጫውን ቀዳዳ አነሳና በዚያው ዓመት ኤርፖድን ለገበያ አወጣ። ሌላው ሁሉ ተከተለ። የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ባለቤት ትራንሽንም ኦራይሞ በሚለው ስሙ ርካሾቹን ይዞ መጣ። በሁለት ዓመት ልዩነት፣ በ2018፣ ፐብጂ በስልክ ወጣ። ሁለቱ ወንድሜ ጆሮ ላይ ተገናኙ፤ አልተስማሙም።

ያልተስማሙበት ምክንያት ቀላል ነው። ስልኩ ድምፁን ይጨምቀዋል፣ ቆራርጦ በአየር ይልከዋል፤ ማዳመጫው ደግሞ መሀል ላይ እንዳይቆራረጥበት ትንሽ አጠራቅሞ፣ ፈትቶ ያሰማችኋል። ጊዜው የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ቪዲዮ አጫዋቾች ይህን ስለሚያውቁ ሥዕሉንም አብረው ያዘገዩታል፤ አፍና ድምፅ ይገጥማል። ጌም ግን ይህን ማድረግ አይችልም፤ ጣታችሁ መቼ እንደምትነካ ከየት ያውቃል?

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ባለሱቁ ዩቲዩብ ከፍቶ «ይኸው፣ ምንም አይልም» ቢላችሁ አትመኑት። የምትጫወቱትን ጌም ክፈቱ፣ መለማመጃው ሜዳ ግቡ፣ ግድግዳ ላይ ተኩሱ። መጀመሪያ በስልኩ ድምፅ ማጉያ፣ ቀጥሎ በማዳመጫው። በጣታችሁና በተኩሱ መሀል ክፍተት ከተሰማችሁ መልሱት። «ጌም ሞድ» ካለው አብሩትና እንደገና ሞክሩ፤ በደንብ የተሠራ ከሆነ መዘግየቱን ወደ 60 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል። ይህ በድምፅ ርቀት ሲሰላ 20 ሜትር ገደማ ነው፤ አሁንም ክቡ ውስጥ አልገባም፣ ግን ያጫውታል። ማይኩንም ከፍታችሁ ሞክሩ። በብዙዎቹ ላይ ማይክ ሲከፈት ማዳመጫው ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ይቀየራል፤ ድምፁ ይቀጥናል፣ ግራና ቀኙም ይጠፋል። ጠላት በየት በኩል እንደመጣ ሳታውቁ ትሞታላችሁ ማለት ነው።

የእኔ ፍርድ ይኸው፦ ስልካችሁ ቀዳዳ ካለው ለጌም ባለገመዱን ግዙ። ርካሽ ነው፣ አይዘገይም፣ ቻርጅ አይፈልግም። ገመድ አልባው ለዘፈን፣ ለስልክና ለመንገድ ነው፤ ለአርባ ምንጭ ሙቀት ላብ የሚችለውን ምረጡ። የባትሪውን ነገርም አስቡበት። በሁለትና በሦስት ዓመት ይደክማል፣ አውጥቶ መቀየርም አይቻልም። ድምፁን አታስጩኹት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል።

ግን ለመንገድ ስል አንድ ነገር ይከነክነኛል። በቀደም ከሲቀላ ወደ ሴቻ በባጃጅ ስወጣ ሁለቱንም ጆሮዬን ደፍኜ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሦስት ጊዜ «ልጄ» ብለውኛል። ያልሰማኋቸው ንቄያቸው መስሏቸው ፊታቸውን አዞሩ። ነቅዬ ይቅርታ ስጠይቅ የፈለጉት መውረጃቸውን እንድነግራቸው ብቻ ነበር። አፈርኩ።

ጋሞ ውስጥ መስማት ቀላል ነገር አይደለም። ዱቡሻ ላይ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ዳኝነቱም ዕርቁም የሚቆመው በዚያ ነው። መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆችን ጨምሮ ሰዎች በተገደሉ ጊዜ፣ እዚህ አርባ ምንጭ ውስጥ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ያንን አልፈው መሄድ አልቻሉም፤ ተመለሱ። አገር ሁሉ ያመሰገነው የአባቶችን ሣር ነው፤ ደግም አደረገ። እኔ ግን ስለ ወጣቶቹም አስባለሁ። በዚያ ሁሉ ንዴትና ጩኸት መሀል ጆሯቸው ክፍት ነበር። በሰዓቱ ሰሙ።

ወንድሜ አሁን ወደ ገመዱ ተመልሷል፤ ሲሞትም ቢያንስ ገዳዩን ሰምቶ ነው። «ኤርፖዷን» ለእኔ ሰጥቶኛል። ባጃጅ ውስጥ አንዷን ብቻ ነው የምሰካት። ሁለተኛው ጆሮ «ልጄ» ለሚሉት ነው።

ቸር ያሰማን!