ንብ አጥር አታውቅም፦ ጠጅ፣ የዋግ ማርና የኦርጋኒክ ምርት ጥያቄ

በአገውኛ «ላል» ማለት ንብ ማለት እንደሆነ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። የቅዱስ ላሊበላ ገድልም ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች መጥተው እንደከበቡት፣ እናቱም ይህን የንግሥና ምልክት አድርጋ ስሙን እንዳወጣችለት ይተርካል። የዛጉዌ ነገሥታት መነሻ በሆነው በላስታና በዋግ የአገው ምድር የንብና የሰው ጉርብትና ምን ያህል የቆየ እንደሆነ ይህ ትውፊት ብቻውን ይመሰክራል። የዋግሹሞች መቀመጫ የነበረችው ሰቆጣም ዛሬ ድረስ በነጭ ማሯ ስሟ ይነሳል።

ጠጅ ቀዳሚ፣ ወይን ተከታይ

አማርኛ ከወይን ፍሬ የሚሠራውን መጠጥ ሲጠራ «የወይን ጠጅ» ይላል። ይህም በኢትዮጵያ ደጋ ቀድሞ የታወቀው የማሩ ጠጅ እንደሆነ፣ የወይኑም ስም ከእርሱ እንደተወሰደ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የወይን ጠጅ በይፋ የሚጠመቀው በንጉሡና በአቡነ ማርቆስ ቤት ብቻ እንደነበረ፣ ለቅዳሴ የሚያስፈልገው ግን ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ እንደሚዘጋጅ ጽፏል። የግብር አዳራሹን የሚሞላው የማር ጠጅ ነበር። በሰሜን ኢትዮጵያ ማር ገበሬው ከሚከፍላቸው የግብር ዓይነቶች አንዱ ሲሆን፣ በየቤተ መንግሥቱም ራሱን የቻለ ጠጅ ቤት ነበር። ስለዚህ ገበሬው ማሩን ያመርታል፤ ብርሌውን የሚያነሳው ግን ብዙ ጊዜ ሌላው ነበር።

የጠጅ አጣጣል ሲታይ ብዙ ነገር አይጠይቅም። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ማሩ በውኃ ይበጠበጥና ብርዝ ይሆናል። ሰፈፉ ይገፈፋል፤ ጌሾ ይገባበታል፤ ከዚያም ተከድኖ እስኪፈላና እስኪጠራ ይቆያል። እርሾ ከውጭ አይገዛም፤ ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ይነሳል። በመሆኑም የጠጁ ጥራት ከሁሉ በፊት የሚወሰነው በማሩ ጥራት ነው። በከተሞች ግን ስኳርና የቀለም ማሳመሪያ ከማር ጋር መቀላቀሉ እየተለመደ ስለመጣ፣ «የማር ጠጅ» የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና መሆኑ ቀርቷል።

አውሮፓውያን ከወይን ጠጅ የተማሩት

ይኸው የእምነት ጥያቄ በወይን አምራች አገሮችም ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ1924 ሩዶልፍ ሽታይነር የተባለ ኦስትሪያዊ አሳቢ ዛሬ በፖላንድ ግዛት በምትገኝ ኮበርቪትዝ በተባለች ስፍራ ለገበሬዎች ተከታታይ ትምህርት ሰጠ። እርሻ ከብቱ፣ አዝመራውና ፍግው ተደጋግፈው የሚኖሩበት አንድ ሕያው አካል ነው የሚለው ይህ አስተሳሰብ «ባዮዳይናሚክ» ተብሎ ይጠራል። የላም ፍግ በቀንድ ውስጥ ተሞልቶ ክረምቱን መሬት ውስጥ እንዲቀበር ማድረግን የመሰሉ ሥርዓቶችም አሉት። ሁሉም በሳይንስ የተረጋገጡ ባይሆኑም፣ በፈረንሳይ ሎዋር ሸለቆ እንደሚገኘው ኩሌ ደ ሴራን ያሉ ስመ ጥር የወይን እርሻዎች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህ ዘዴ እየሠሩ ይገኛሉ።

የኦርጋኒክ ወይን ጠጅ ሕግ ታሪክም ትምህርት አለው። በአውሮፓ ኅብረት እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ጠርሙሱ ላይ መጻፍ የሚቻለው «ከኦርጋኒክ ወይን ፍሬ የተሠራ» የሚል ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ሕጉ እርሻውን እንጂ መጥመቂያውን አይመለከትም ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ደንብ ቁጥር 203/2012 መጥመቂያውንም በሥርዓት አስገባ፤ ለምሳሌ በደረቅ ቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ የሚጨመረው የሰልፋይት መጠን በሊትር ከ100 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። ማሳውም ጋኑም ንጹሕ መሆን አለበት ማለት ነው።

የዋግ ደጋ እና ሦስት ኪሎ ሜትር

ወደ ዋግ ኽምራ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የወይን እርሻ ባለቤት ማሳውን አጥሮ ኃላፊነቱን ሊወስድ ይችላል። ንብ ግን አጥር አታውቅም። የአውሮፓ ኅብረት የኦርጋኒክ ማር ደንብ ቀፎ ከተቀመጠበት ቦታ በ3 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው የአበባ ምንጭ በዋናነት የዱር ዕፅዋት ወይም በኦርጋኒክ ዘዴ የለማ አዝመራ እንዲሆን ይጠይቃል። በሰቆጣ፣ በዳህና ወይም በጋዝጊብላ አንድ አናቢ የሦስት ኪሎ ሜትር መሬት የለውም። በዚያ ክልል ውስጥ የጎረቤቱ ጤፍ፣ የማኅበረሰቡ የተከለለ ተራራ፣ የቤተ ክርስቲያን ደን እና የወል ግጦሽ አለ። በመሆኑም የዋግ «ርስት» ሙሉው ተፋሰስ ነው።

የነጭ ማሩ ዋና ምንጭ ከሚባሉት አንዱ በክረምቱ መውጫ በየገደላገደሉ የሚያብበው መንጠሴ የተባለው ቁጥቋጦ ነው። ማሩም በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል። ተራራው ከልቅ ግጦሽ ሲጠበቅ ቁጥቋጦው ያንሠራራል፤ ሲራቆት ደግሞ ንቡ ቀፎውን ጥሎ ይሰደዳል። በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅና ረሃብ ሰውንም እንስሳንም እንደፈጀ የዋግ ሕዝብ አይረሳውም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ሰሜን ኢትዮጵያን ሲወርር የተረጨው ፀረ አንበጣ ኬሚካል አዝመራን ለማዳን ቢሆንም ለንብ አደጋ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ሰቆጣን ጨምሮ ወደ ዋግ ኽምራ ዘልቆ ብዙ ሕዝብ ሲፈናቀልም ከቀዬው ጋር ቀፎው ባለቤት አጥቷል። ንጽሕናው የብዙ ዘመን ሥራ ሲሆን፣ የሚጠፋው ግን በአንድ ሳምንት ነው።

ወሬ ሳይሆን መዝገብ

«የኛ ማር ድሮም ኦርጋኒክ ነው» የሚለው ንግግር እውነትነት ቢኖረውም ገዢን አያሳምንም። ኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998ን አውጥታለች፤ ማሯም እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ አውሮፓ ኅብረት ገበያ እንዲገባ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። ይሁን እንጂ በአገሪቱ ከሚመረተው ማር ትልቁ ድርሻ አሁንም ወደ ጠጅ ቤት የሚሄድ ሲሆን፣ በዚያ ደግሞ የተራራው ንጹሕ ማር ስኳር ከገባበት ጋር በአንድ ዋጋ ይሸጣል።

መፍትሔው ከወዴት እንደሚመጣ የቡናው ታሪክ ያሳያል። በ1991 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ በዚያው ዓመት የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ ለብቻው የምስክር ወረቀት ወጪ የማይችለው አነስተኛ ገበሬ በማኅበሩ አማካይነት የኦርጋኒክ ገበያ እንዲደርስ አድርጓል። የዚህ አሠራር መሠረት የውስጥ ቁጥጥር ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ አባል ይመዘገባል፤ ማሳው ይታያል፤ ምርቱ ተለይቶ ይቀመጣል፤ የአንዱ ጥፋት ሁሉንም እንደሚጎዳ ስለሚታወቅ አባል አባልን ይጠብቃል።

ለማርም ከዚህ የተለየ መንገድ የለም። የአረም መድኃኒት የሚረጨው ጎረቤት ቀኑን ለአናቢው ካላሳወቀ፣ አበባ ባለበት ሰዓት ከመርጨት ካልተቆጠበ፣ ሰሙና ማሩ የየትኛው ቀፎ እንደሆነ ካልተመዘገበ፣ የሰቆጣ ማር ስሙን ብቻ ይዞ ይቀራል። ይህን ሁሉ ሰብል አምራቹን፣ አርቢውንና አናቢውን በአንድ ጉባኤ ማስቀመጥ የሚችለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የሦስት ኪሎ ሜትሩ ጥያቄ የሚመለሰው በጎረቤታሞች ስምምነት ነው። ያን ጊዜ ከዋግ ተራራ የሚወርደው ማር፣ በስሙ ተጠርቶ በስሙ ጠጅ የሚጣልበት ማር ይሆናል፤ ገበሬውም በድካሙ ልክ ከብርሌው ይካፈላል።