ሾተላይ፣ ቂጥኝ እና የበሬ ልብ

ሾተላይ የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። አንዲት ሴት ጽንሷ እየደጋገመ ሲጨነግፍ፣ ወይም የወለደችው ሳይከርም ሲሞትባት «ሾተላይ አለባት» ይባላል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገጠር ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም እንዲሁ ነው። ከዚያ ሁሉ ሐዘን በኋላ የተረፈው ልጅ ምትኩ፣ ካሳ ወይም ማስረሻ ይባላል። እስቲ ክፍላችሁ ውስጥ ስንት ምትኩና ስንት ማስረሻ እንደነበረ ቁጠሩ።

የጥንቱ መድኃኒት ክታብ ነበር። ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናት ገዳይዋን ወርዝልያን በጦር የወጋበት ታሪክ በብራና ይጻፍና እናቲቱ ትይዘዋለች። ኋላ ሐኪሞቹ መጡና ቃሉን ለራሳቸው ወሰዱት። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ «ሾተላይ» ሲባል አር ኤች ማለት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ካርል ላንድስታይነርና አሌክሳንደር ዊነር በ1940 አር ኤችን ይፋ አደረጉ። የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የእናቲቱ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ጣጣው ለተከታዮቹ ነው። መከላከያው መርፌም ከ1968 ጀምሮ አለ።

ጥሩ። ግን አገራችን ውስጥ ደማቸው ኔጌቲቭ የሆኑ ሰዎች ከመቶ አሥር እንኳ አይሞሉም። ታዲያ ሦስት ጽንስ የጨነገፈባት ሴት ተመርምራ ፖዘቲቭ ብትሆንስ? «ሾተላይ የለብሽም» ትባላለች። ደስ ሊላት ይገባ ይሆን? ልጆቿ ለምን እንደሞቱ እኮ አልተነገራትም።

ሊሆኑ ከሚችሉት መልሶች አንዱ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም የሚባለው ነው። እዚህ ላይ ፀረ እንግዳው አካል የሚዞረው በእንግዳ ላይ ሳይሆን በባለቤቱ ላይ ነው። የሴል ሽፋን የተሠራበትን ስብና ከስቡ ጋር የሚጣበቁ ፕሮቲኖችን ያጠቃል። ደም ያለቦታው ይረጋል፤ እግር ያብጣል፤ ገና በወጣትነት ስትሮክ ይመጣል። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ የእንግዴ ልጁ ይጎዳና ጽንሱ ይሞታል። በዓይን አይታይም፤ የሚያጋልጠው የደም ምርመራ ነው። የምርመራው ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው፣ ማን ይገምታል፣ ከቂጥኝ ነው።

በ1906 በርሊን ላይ አውጉስት ፎን ቫሰርማንና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን የቂጥኝ የደም ምርመራ አወጡ። መመርመሪያውን የቀመሙት ቂጥኝ ከገደላቸው ጽንሶች ጉበት ነበር። በዓመቱ ግን ያው ላንድስታይነር (አዎ፣ የአር ኤቹ ሰውዬ) ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የጤነኛ እንስሳ አካልም ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ አሳየ። ይህ መጠርጠር ነበረበት! ምርመራው የሚያየው የቂጥኝን ጀርም ካልሆነ ምንን ነው የሚያየው? መልሱ እስከ 1941 ቆየ። በዚያ ዓመት ሜሪ ፓንግቦርን ከበሬ ልብ አንድ ስብ ነጥላ አወጣችና ካርዲዮሊፒን አለችው። ቪ ዲ አር ኤል የሚባለው፣ በኛም ነፍሰ ጡሮች የሚታወቀው ምርመራ፣ በዚሁ ስብ የሚሠራ ነው።

በመካከሉ ስንቱ ተጎድቷል። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሊጋቡ የመጡትን ሁሉ ደማቸውን ያስመረምሩ ነበር። ቂጥኝ ኖሮባቸው የማያውቁ ሰዎች «አለባችሁ» ተባሉ። በ1952 ሙርና ሞር የተባሉ ሐኪሞች ሐሰተኛው ውጤት ዝም ብሎ ስህተት እንዳልሆነ ጻፉ፦ አንዳንዱ ወባን ከመሰለ በሽታ በኋላ ብቅ ብሎ ይጠፋል፣ ሌላው ለዓመታት ይቆያል፤ ከሚቆይባቸውም ሰዎች በኋላ ሉፐስ የሚይዛቸው አሉ። በዚያው ዓመት የሉፐስ ታማሚዎች ደም በመስታወት ቱቦ ውስጥ ሳይረጋ እንደሚዘገይ ታወቀ። ነገሩ በ1972 «ሉፐስ አንቲኮአጉላንት» ተባለ። ስሙ ሁለት ጊዜ ውሸት ነው። ብዙዎቹ ሉፐስ የለባቸውም፤ ሰውነት ውስጥ ደግሞ ደምን የሚያረጋ እንጂ የሚያቀጥን አይደለም።

በ1983 ለንደን ሃመርስሚዝ ሆስፒታል የነበረው የግራሃም ሂዩዝ ቡድን ካርዲዮሊፒንን የሚያጠቃውን ፀረ እንግዳ አካል በቀጥታ የሚለካ ምርመራ አወጣ። ያኔ ነው የተበታተነው ሁሉ፣ ጭንገፋው፣ ስትሮኩ፣ ሐሰተኛው ቂጥኝ፣ አንድ በሽታ ሆኖ የታየው። ሕክምናም ተገኘለት፤ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪንና ሄፓሪን እርግዝናውን ሙሉ ሲሰጥ አብዛኞቹ እናቶች ልጃቸውን ይታቀፋሉ።

(ይህን አንብባችሁ ግን «የኔ ቪ ዲ አር ኤል ሐሰተኛ ነው፣ መርፌውን አልወጋም» እንዳትሉ! ቂጥኝ ራሱ ጽንስ ይገድላል። ማረጋገጫ ምርመራ የተሠራው ለዚህ ነው።)

ዛሬ የሚታዩት ሦስት ናቸው፦ ፀረ ካርዲዮሊፒን፣ ፀረ ቤታ 2 ግላይኮፕሮቲን 1 እና ሉፐስ አንቲኮአጉላንት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እሺ ባዮች ናቸው። ደሙ ሴረሙ ተለይቶ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ድረስ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊጓዝ ይችላል። ሦስተኛው አስቸጋሪ ነው። ደሙ በተቀዳ በሰዓታት ውስጥ በማሽን ተሽከርክሮ ሊጣራ ይገባል፤ ሴትዮዋ ሄፓሪን ወይም ዋርፋሪን ጀምራ ከሆነ ውጤቱ ይዛባል። ጤና ኬላ ላይ የሚሠራ ነገር አይደለም።

ይህም ሆኖ አንድ ጊዜ መመርመር አይበቃም። በ2006 የወጣው መስፈርት ፀረ እንግዳ አካሉ ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ እንደገና እንዲታይ ያዛል፤ ወባና ሌላ ኢንፌክሽን ለጊዜው ሊያመጣው ይችላልና። ጃቢ ጠህናን ለመሰለ የወባ አገር ይህ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። ግን አስሉት፦ ሰኔ 20 ደም የሰጠች የቡሬ ገጠር ሴት የምትመለሰው መስከረም 9 ነው። በመሃል የጤፍ ዘር አለ፣ አረም አለ፣ የክረምት ጭቃ አለ፣ «ምን አለሽ?» እያለች የምትጠይቅ አማት አለች፤ እሷም እስከዚያ የምትመልሰው የላትም።