ለራት የሚለበስ

ኩናርድ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ ኩባንያ ዛሬም በአንዳንድ ምሽቶች መንገደኞቹ አምረው ለብሰው ለራት እንዲቀርቡ ይጠይቃል። መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁ። ባሕር መሃል ማን ሊያይህ ነው? በኋላ ግን ሳቄ ቀዘቀዘ።

እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ ላይ የአንደኛ ማዕረግ መንገደኛ ለራት ልብሱን ይቀይር ነበር፤ ወንዱ ጥቁር ሱፍ፣ ሴቷ የምሽት ቀሚስ። በዘመኑ ልማድ የመጀመሪያዋ ማታ ምሕረት ነበራት፤ ሻንጣው ገና አልተፈታማ! የሦስተኛ ማዕረጉ ስደተኛ ግን ዋና ምግቡን የሚበላው ቀትር ላይ ነው፤ የማታው ማዕድ «ሻይ» ነው የሚባለው። ምን ልልበስ ብሎ የሚጨነቅበት ራት እንኳ የለውም።

ኤፕሪል 14 ሌሊት መርከቧ ከበረዶ ተራራ ተጋጨች። ቤንጃሚን ጉገንሃይም የተባለው ባለጸጋ የነፍስ አድን ሰደርያውንና ሹራቡን አውልቆ፣ ከግል አሽከሩ ከቪክቶር ጂሊዮ ጋር የራት ልብስ ለብሶ ብቅ አለ። ከሞት የተረፈ የመርከቡ አስተናጋጅ ነው ይህን የተናገረው። እንደ ጨዋ ሰው ለመስጠም ተዘጋጅተናል ማለቱም ተወርቷል። ሁለቱም ሰጠሙ።

ጉገንሃይምን ዓለም አደነቀው፤ ይደነቅ። እኔን የሚከነክነኝ ግን ያ ወጣት አሽከር ነው። የራት ልብሱን የለበሰው ወዶ ነው ወይስ ጌታው ስለለበሰ? ማንስ ጠየቀው?