ፊደል መቁጠርና ቁጥር ማወቅ፤ በቢቸናና በሞጣ

በአማርኛ ማንበብ የሚችል ሰው «ፊደል የቆጠረ» ይባላል። አነጋገሩ ከቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የወጣ ነው። ሕፃኑ በመልእክተ ዮሐንስ ላይ ስንደዶውን እያሳረፈ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሲጠራ «ይቆጥራል» እንጂ «ያነባል» አይባልም ነበር፤ ንባቡ ገና ከፊቱ ነው። በመቁጠርና በማንበብ መካከል ያለውን ይህን ርቀት የጥንት መምህራን በሚገባ ያውቁት ነበር። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ብዙ ጊዜ ዘንግቶታል።

ቢቸናና ሞጣ በቀድሞው ጎጃም የሁለት አውራጃዎች ዋና ከተሞች ነበሩ። ዲማ ጊዮርጊስን፥ ደብረ ወርቅንና መርጡለ ማርያምን የመሳሰሉት ታላላቅ አድባራትና ገዳማት የሚገኙት በዚሁ በምሥራቁ የጎጃም ክፍል ነው። የአገሩ የቅኔ ዝና ሁልጊዜ ስለሚወሳ፥ ከቅኔው ሥር ያለው የሕፃናት ትምህርት እምብዛም አይጠናም። ነገር ግን ለመጀመሪያ ደረጃ መምህር ከባለቅኔው ይልቅ የሚጠቅመው የፊደል አስቆጣሪው ብልሃት ነው።

ሕፃኑ በመጀመሪያ የሀሁን ገበታ ይይዛል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ልጅ ይህን ሁሉ በዜማ ቢወጣው የሚያስገርም አይደለም፤ ዓይኑን ጨፍኖም ይለዋልና። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ አፉ ያውቃል እንጂ ዓይኑ አያውቅም። ስለዚህ መምህሩ ሁለተኛውን ገበታ፥ አቡጊዳን፥ ይሰጠዋል። በዚህ ገበታ ፊደሉም ድምፁም በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ፤ አ ግእዝ፥ ቡ ካዕብ፥ ጊ ሣልስ፥ ዳ ራብዕ እያለ ይሄዳል። በሀሁ ዜማ የተማመነው ልጅ እዚህ ሲደርስ ይደናቀፋል፤ በእርግጥ ፊደል የለየው ግን ያልፋል። ከዚያ በኋላ ነው በመልእክተ ዮሐንስ ቆጠራ፥ ግእዝ ንባብ፥ ወርድ ንባብና ቁም ንባብ የሚከተሉት፤ ፍጻሜውም ዳዊት መድገም ነው። አንዱን ሳይወጣ ወደሚቀጥለው የሚሻገር አልነበረም።

ይህ ማለት የጥንቱ ትምህርት እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። ልጁ የሚያነበው ግእዝ ስለነበር ዳዊትን እየደገመ ትርጉሙን አያውቅም። ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ስለነበር ከንባብ ጋር አብሮ አይሰጥም። ከሁሉም በላይ የተማሩት ጥቂቶች፥ ያውም በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። አለንጋውም አይረሳም።

ሒሳብን በተመለከተ የባሕረ ሐሳብ ትምህርት ነበረ። ለምሳሌ የ1971 ዓ.ም. በዓላትና አጽዋማት ሲወጡ በ5500 ላይ 1971 ይደመርና 7471 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 3 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ሠላሳው ሲገደፍ አበቅቴ 3፥ በ19 ተባዝቶ ሠላሳው ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕ 27 ይወጣል። የሁለቱ ድምር ምንጊዜም 30 ስለሆነ ተማሪው ስሕተቱን ራሱ ያርማል። እንዲህ ያለ ረቂቅ ስሌት በአገሩ ሳለ፥ ሕፃኑ ግን መደመርንና መቀነስን በትምህርት ገበታ አላገኘም። ባሕረ ሐሳብ የሊቃውንት ድርሻ ነበርና።

መደበኛውን ሒሳብ ወደ ሕፃናቱ ያመጣው ከነጻነት በኋላ በየአውራጃው የተስፋፋው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ከእርሱም ጋር ዜሮ መጣ። በግእዝ አኃዝ ሁለት መቶ አምስት ፪፻፭ ተብሎ ልክ እንደሚነገረው ይጻፋል፤ ዜሮ አያስፈልገውም። በአዲሱ አጻጻፍ ግን ባዶው ቦታ በዜሮ መያዝ አለበት። ሁለት መቶ አምስትን «2005» ብሎ የጻፈ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሰነፍ ተብሎ ይቀጣ ይሆናል፤ ያደረገው ግን የሰማውን እንደ ሰማው መጻፍ ነው። የቦታ ዋጋን ሳይጨብጥ ወደ ማካፈል ቢገፋ የሚከተለው ስሌት ሁሉ ሽምደዳ ይሆንበታል።

በእነዚህ አውራጃዎች ቁጥር ከሕዝቡ ጋር የተገናኘው በትምህርት ቤት በኩል ብቻ እንዳልነበረም ማስታወስ ይገባል። የጎጃም ገበሬ መሬቱ በቀላድ እንዳይለካ አጥብቆ ሲከላከል የኖረ ነው። የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም በ1960 ዓ.ም. የተነሣው ዐመፅ ቢቸናንና ሞጣንም ያጠቃለለ ነበር።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደልን ከሕፃኑ አልፎ ለወላጁ አደረሰ፤ በ15 ቋንቋዎች መካሄዱና የዩኔስኮን ሽልማት ማግኘቱ የታወቀ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመጀመሪያ ደረጃን እስከ ስምንተኛ ክፍል አዘረጋ። በእርሱ ዘመን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ሳይወድቁ ማለፍ ተፈቀደ፤ ልጅ በጨቅላነቱ ተስፋ ቆርጦ ትምህርቱን እንዳይተው የታሰበ፥ ሐሳቡም በጎ የሆነ ነበር። ነገር ግን ከየደረጃው በር ላይ አቡጊዳ ተነሣ። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎችና ከተማ መስተዳድሮች የንባብ ምዘና ሲደረግ፥ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34 ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በዚያው ምዘና ልጆቹ ከገበታው ቅደም ተከተል ወጥተው የተደበላለቁ ፊደሎችን እንዲለዩም ተጠይቀው ነበር። የዲማ ወይም የሞጣ የፊደል መምህር ቢያየው የገዛ ገበታውን በአዲስ ስም ያገኝ ነበር።

ጉዳዩ ከዚህ ወዲህ ይበልጥ ከብዷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ ተዘጉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምሥራቅ ጎጃምን ጨምሮ በብዙ ሥፍራ ትምህርት ተቋረጠ። ከዓመታት በኋላ ወደ ክፍል የሚመለስ የአሥር ዓመት ልጅ በዕድሜው ቢመደብ አራተኛ ክፍል ይሆናል፤ የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ ደግሞ ማንበብን የሚያስተምር ሳይሆን አንባቢን የሚጠብቅ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ የሚቀበል መምህር ሀሁን በዜማ ቢያስወጣው የሚያገኘው መልስ የተሟላ ይሆናል፤ በገበታው መካከል አንዲት «ጊ»ን ብቻ አመልክቶ ቢጠይቀው፥ «ሁለት መቶ አምስት» ብሎም ቢያስጽፈው፥ ከየት መጀመር እንዳለበት በዚያው ቀን ያውቃል።