ምልክት

በዕለት ንግግራችን አንድን ነገር የሚጠቁም ሁሉ ምልክት ነው። በዜማ ቤት ግን ምልክት ማለት በዜማ መጽሐፉ በድጓ ላይ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚሰፍር የዜማ መምሪያ ነው።

ሁለት ዓይነት አለው። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ጭረትና ርክርክን የመሳሰሉት የድምፁን አካሄድ ያሳያሉ። የፊደል ምልክቶቹ ደግሞ ከታወቀ ዜማ ቃል የተወሰዱ ናቸው፤ መሪጌታው አንድ ሁለት ፊደል ሲያይ ሙሉው የዜማ ሐረግ ይመጣለታል።

ትውፊት ዜማውን ለቅዱስ ያሬድ፣ የፊደል ምልክቱን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። በዚያው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው የዜማ ደራሲ ፓለስትሪና በሮም በአንድ ጊዜ የሚሰሙ የተለያዩ ዜማዎችን ያስማማ ነበር። የእኛዎቹ ሊቃውንት ድካም ሌላ ነው፤ ከግራኝ ጦርነት የተረፈውን ዜማ በብራና ማጽናት።

ሆኖም ብራና ብቻውን አይበቃም። በገና ዕለት በላሊበላ ቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይ ከማሜ ጋራና ከታች ከግቢው ሆነው «ቤዛ ኩሉ» የተባለውን ዝማሬ ሲቀባበሉ፣ ዜማ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ የሚኖር መሆኑ ይታያል። ምልክት ያስታውሳል እንጂ ብቻውን አያዜምም። ስለዚህ ጥንታዊ ድጓ በዕቃ ቤት መጠበቁ አይበቃም፤ በላስታ አብያተ ጉባኤ የሚያስተምሩ መምህራንም ቀለብና ተማሪ ሊያጡ አይገባም።